ውኃ ሳይደፋ የገንዳ ሴራሚክ የሚለጥፈው ኢፖክሲ

ውኃ ውስጥ የሚጠነክረው ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ (ሁለቱ ክፍሎች ሲደባለቁ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ትልቁ ጥቅሙ ሁለት ሦስት ሴራሚክ ስለወለቀ ብቻ የመዋኛ ገንዳው ውኃ አለመደፋቱ ነው። በቦቴ ለሚያስሞላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልፋቱ ያለው ጽዳቱ ላይ ነው። አሮጌው ማጣበቂያ በመሮ፣ አልጌውና ነጩ የካልሲየም ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ እስከ ሲሚንቶው ድረስ ይፋቃል፤ የሴራሚኩም ጀርባ እንዲሁ። ጣት ሲያስኬዱበት የሚያሟልጭ ከሆነ ገና አልጸዳም። ከዚያ ጓንት አድርጎ፣ እጅን ውኃ አስነክቶ፣ ከሁለቱ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን (አብዛኞቹ እኩል በእኩል ናቸው) ቆርሶ እንደ ሊጥ ማሸት ነው፤ ቀለሙ አንድ እስኪሆን። ዥጉርጉር መስመር ከቀረ እዚያ ጋ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ይቀራል። የታሸውን ሴራሚኩ ጀርባ ላይ መሃሉን ጉብ አድርጎ ለጥፎ ከመሃል ወደ ዳር መጫን የታመቀውን ውኃ ያስወጣል። ግድግዳ ላይ ከሆነ እስኪይዝ ይደገፍ፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይዘገያል።

ለ10 በ10 ሳንቲሜትር ሴራሚክ፣ በ3 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈጃል። ለአንድ ካሬ ሜትር ግን 3 ሊትር ነው፤ እዚያ ላይ ዋጋው አያዋጣም፣ ደፍቶ በሲሚንቶ ማጣበቂያ መሥራት ይሻላል። የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ግን ባዶ ገንዳ ከታች ተገፍቶ ሊነሣ ስለሚችል ሳያጣሩ አይደፋም።

ከመግዛት በፊት ዙሪያውን ያሉትን ሴራሚኮች በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ነው። ባዶ ድምፅ ከሰጡ የተነሣው ልስኑ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ኢፖክሲው አዲሱን ሴራሚክ ከልስኑ ጋር አጣብቆ፣ ሁለቱም አብረው ሊወድቁ ይችላሉ።