«ሁሉንም መልሰናል» ሲሏችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ፎቶዎቹን ክፈቱ

የጠፋ ዳታ እንመልሳለን የሚል ሱቅ ሸውዶኛል። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

1 ቴራ የሚይዝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ። የእናቴ የመጨረሻ ዓመታት ፎቶዎች፣ የእህቴ ሠርግ ቪዲዮ፣ የስንት ጊዜ ሥራዬ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ አለሽ ወይ ካላችሁኝ፣ የለኝም። እባካችሁ አትቆጡኝ፤ እህቴ በደንብ ተቆጥታኛለች።

አንድ ማታ ፋይል እየገለበጥኩ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ዲስኩን መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። ደንግጬ ነቀልኩት። ፎርማት (ዲስኩን እንደ አዲስ ባዶ) አለማድረጌ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ የመጣው በማግስቱ ነው።

መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። በሩ ላይ «የጠፋ ዳታ 100% እንመልሳለን» የሚል ተለጥፏል። ልጁ ሰካው፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ከባድ ነው፤ ግን ለአንቺ እንሞክራለን» አለኝ። በ7,000 ብር ተስማማን፤ ግማሹ ቅድሚያ። በግል ስልኩ በቴሌብር ላኩለት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። «41,000 ፋይል ተመልሷል!» ከደስታዬ ብዛት ቀሪውን ብር ታክሲ ውስጥ ሆኜ ላኩ። ዲስኩን ተቀብዬ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፎቶዎች ደህና ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ከላይ ትንሽ ይታዩና ከታች ድፍን ግራጫ ይሆናሉ። እናቴ ቡና ስትቆላ ያነሳኋት ፎቶ ላይ ሻሿና ግንባሯ ብቻ ቀርቷል። የሠርጉ ቪዲዮ መጠኑ 3.8 ጊጋ ነው ይላል፤ ግን አይከፈትም። ታዲያ 41,000ው ምንድን ነው? አብዛኛው ድሮ ከላፕቶፔ የገለበጥኩት የፕሮግራም ኮተት ነው። የጥፍር ያህል አይኮኖች፣ የአንዱ ፎቶ ትንንሽ ቅጂዎች። ቆጥሮ የሸጠልኝ እሱን ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና፣ ዲስኩን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ያሳየሁት ከዚህ በኋላ ነው። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አደረገና «ፋውንድ 000» የሚባል ፎልደር አሳየኝ። ዊንዶውስ ቼክዲስክ የሚባለውን መጠገኛ ሲያሄድ፣ ባለቤታቸው ያልታወቀ ቁርጥራጮችን የሚያጉርበት ነው። የተፈጠረበት ቀን ዲስኩ ሱቅ የነበረበት ቀን ነው። «ተመለሰ» የተባለው ፎልደርም የተጻፈው እዚያው የተበላሸው ዲስክ ላይ ነው። ልጁ እዚያ ላይ ነው ሥራዬን ያበላሸው።

ለምን መሰላችሁ? ዲስክን እንደ መዝገብ ቤት አስቡት። ፋይሎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የትኛው የት እንዳለ የሚናገረው ግን አንድ ትልቅ መዝገብ ነው። መብራቱ ሲጠፋ የተበላሸው መዝገቡ ነው። ፋይሎቹ ከነአቧራቸው እዚያው ነበሩ። ቼክዲስክ መዝገቡን ያስተካከለው ያልገባውን እየቆረጠ ነው። የሥራው ዓላማ ዲስኩ እንደገና እንዲሠራ እንጂ ፎቶዬ እንዲተርፍ አይደለም። በዚያ ላይ ልጁ አዲስ ፋይል እዚያው ሲጭን፣ ባዶ የመሰለው መደርደሪያ ላይ የነበረውን ጠረገው። አንዴ ከላዩ የተጻፈበትን ማንም አይመልሰውም።

ባልደረባዬ እንደነገረኝ ደንበኛው አሠራር ሌላ ነው። መጀመሪያ የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል። ሥራው የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። የተገኘው ፋይል ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ሱቁ «ሌላ ዲስክ አምጪ» ካላለ፣ ዲስካችሁን መልሳችሁ ተቀብላችሁ ውጡ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ራሳችሁ የምትመርጧቸውን አሥር ፎቶና አንድ ቪዲዮ ከፍተው ያሳዩዋችሁ። የፋይል ብዛት ቢነግሯችሁ አትስሙ።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር፣ እንደኔ መዝገቡ ብቻ ለተበላሸበት ዲስክ ነፃ ፕሮግራሞች መኖራቸው ነው። ቴስትዲስክና ፎቶሬክ አንድ ብር አያስከፍሉም። ፎቶሬክ የፋይሉን የቀድሞ ስም አይመልስም፤ በቁጥር ሰይሞ ይሰጣችኋል። መልኩም ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው፤ አያምርም። ግን ይሠራል። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ እንጂ ብቻችሁን አትነካኩት።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ይሄ ሁሉ አይሠራም። ወዲያው ንቀሉት። ያኔ የታመመው አካሉ ነው። እኔ በሄድኩበት ሱቅ አንዱ የሌላ ሰው ዲስክ በመፍቻ ከፍቶ፣ ከስኒ ቡና አጠገብ ሲጎረጉር አይቻለሁ። ያኔ ጉድ አላልኩም፤ ዛሬ ግን ይዘገንነኛል። የዲስክ ማንበቢያ፣ ዳታው ከተጻፈበት ክብ ሳህን በላይ በዓይን በማይታይ፣ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ነው የሚንሳፈፈው። ለእሱ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቋጥኝ ናት። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የተደመሰሰውን ፋይል ራሱ ከኋላ ሆኖ ያጸዳዋል። ስለዚህ ሳያይ «100%» የሚላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ለአገልግሎቱ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። እኔ በእጄ ያለው በአንድ ግለሰብ ስም የተላከ የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጁ አልካደኝም፤ «እህቴ፣ ዲስክሽ እኮ ድሮም የሞተ ነው» አለኝ። የሞተ ከነበረ 41,000 ፋይል ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም። ስወጣ አንዲት ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ በሩ ላይ የተለጠፈውን እያነበበች ነበር። ይዣት አስፋልቱን ተሻገርኩ።