ይግባኜን ላሸነፉልኝ የፓተንት ጠበቃ

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውለታ እንደበላሁ ይቆጠርብኛል።

የሠራሁት የክራንች ጫፍ ጎማ ነው። ውስጡ ስፕሪንግ አለው። ከሥሩ ደግሞ ቀጫጭን ቦዮች አሉት፤ ሲረገጥ የወለሉን ውሃ በስፕሪንጉ ክፍል በኩል ወደ ጎን ያስወጣሉ። እርጥብ ወለል ላይ ሰው እንዳይወድቅ ብዬ ዓመታት ደክሜበታለሁ። የፓተንት ማመልከቻዬን ያየው መርማሪ ግን «አዲስ አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው»፣ ማለትም ባለሙያ ሁሉ በቀላሉ ይደርስበታል ብሎ ውድቅ አደረገው። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ጠበቃዬ ብዙ አላወሩም። መብት የጠየቅንበትን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ከፋፍለው ወረቀት ላይ በግራ በኩል ደረደሩት፦ ጎማ፣ ስፕሪንግ፣ ቦይ። በቀኝ በኩል መርማሪው የጠቀሰውን የቆየ ሰነድ አስቀመጡ። ጎማ አለ። ስፕሪንግ አለ። ቦይ የለም። «አዲስ አይደለም ለማለት ሁሉም አንድ ሰነድ ውስጥ መገኘት አለበት። አንዷ ከጎደለች ክርክሩ አለቀ» አሉኝ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከባድ ነበር። ለሙያው ሰው ግልጽ ነው ለማለት ሰነዶችን ማጣመር ይቻላላ! መርማሪውም ቦዩን ከአንድ የጫማ ሶል ሰነድ አምጥቶ ገጠመው። ጠበቃዬ አልሸነገሉኝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በመኪና ነዳጅ ፔዳል ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ አስረዱኝ። የታወቁ ነገሮችን ገጣጥሞ የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ማግኘት ፓተንት አያሰጥም። «ግን እኮ በደንብ ተሽጧል» አልኳቸው። «የገዙት ለቦዩ ብለው ነው ወይስ ለዋጋው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ተውነው።

ከዚያ የቆየውን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። እኔ ሦስቴ አንብቤ ያለፍኩትን አንድ መስመር አገኙ፤ ስፕሪንጉ እንዳይዝግ ጎማው ከሥር ሙሉ በሙሉ መደፈን አለበት ይላል። ይህን ያነበበ ባለሙያ በስፕሪንጉ በኩል ለውሃ መንገድ ይከፍታል? ጭራሽ ይሸሸዋል እንጂ። ይግባኛችን የቆመው በዚህች መስመር ላይ ነው። ይግባኙን ያዩት ሦስት ዳኞች የመርማሪውን ውሳኔ ሻሩት።

ጠበቃዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ድካሜን እንደ ራስዎ ድካም ቆጥረውታል።

ሳላስፈቅድ ስማቸውን እዚህ አልጻፍኩም። ውድቅ የተደረገበት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ጠይቄያቸው አገናኛለሁ። የይግባኝ ቀን ግን አይጠብቅምና አትዘግዩ። ስትሄዱም ውድቅ የተደረገበትን ደብዳቤ ከተጠቀሱት ሰነዶች ጋር ሙሉውን ያዙ። ማጠቃለያ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ ሰነዱን እንዲያመጣ ይመልሱታል።