ሲስፕላቲን ወይስ ሴቱክሲማብ? ዕጢን ለጨረር የሚያጋልጡ ሁለት መድኃኒቶች

በራስና አንገት ካንሰር ሕክምና ዕጢው በጨረር ይበልጥ እንዲጎዳ ከሚያደርጉ መድኃኒቶች መካከል ሲስፕላቲንና ሴቱክሲማብ ዘወትር ይነጻጸራሉ። ሲስፕላቲን ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ፣ ጨረር የበጠሰውን የካንሰር ሕዋሱ መልሶ እንዳይጠግን ያደናቅፋል፤ ሴቱክሲማብ ግን በሕዋሱ ገጽ ላይ ሆኖ የዕድገት መልእክት የሚቀበለውን ፕሮቲን የሚዘጋ ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ሴቱክሲማብ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ከጨረር ጋር እንዲሰጥ ከተፈቀደ በኋላ፣ በአነስተኛ ጉዳት እኩል ውጤት ያስገኛል የሚል ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የሚያሳዝነው ግን፣ በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሳቢያ በሚመጣ የጉሮሮ ካንሰር ላይ ተካሂደው ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ በሕይወት በመቆየት ረገድ ሲስፕላቲን የወሰዱት ታካሚዎች የተሻሉ መሆናቸውን፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቱም በሴቱክሲማብ የተጠበቀውን ያህል አለመቀነሱን አሳዩ።

ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ አብሮ ይሰጣል። በሕክምናው መሐል ጆሮው መጮህ የጀመረ ታካሚ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ የመስማት ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስምና። ሴቱክሲማብ በፊትና በደረት ላይ ብጉር መሰል ሽፍታ ያወጣል፤ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ያስከትላል። በእኔ እምነት፣ ኩላሊቱና ጆሮው ጤናማ ለሆነ ታካሚ ሲስፕላቲን መቅደም አለበት፤ ሴቱክሲማብ ሲስፕላቲንን ለማይችል ሰው የሚያዝ አማራጭ ነው።