ለገጣፎ ያለችው ትንሽዬ የጾም ምግብ ቤት (አለርጂ ያለበት ልጅ ይዘን ሄደን)

ቤቷ ከአያት አልፋችሁ ለገጣፎ ስትገቡ ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ታጥፋችሁ ነው የምታገኟት፣ በረንዳዋ ቆርቆሮ ነው፣ ጠረጴዛውም ከስምንት አይበልጥም። በሁዳዴ ቅዳሜ ለምሳ ሄድን፣ እኔ ባለቤቴና የ7 ዓመት ልጃችን። ልጄ ከባድ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት፣ ከባድ ስል የሚያሳክክ ምናምን ብቻ አይደለም ጉሮሮ የሚዘጋው ዓይነት ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሌላ ሰፈር አንድ ካፌ ልደት ተጠርተን የጾም ኬክ ቀረበ፣ አስተናጋጁን ኦቾሎኒ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ "ኧረ ምንም የለውም" አለኝ ፈገግ ብሎ። ሁለቴ ነው የጎረሰው። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ አበጠ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ድምፁ ተዘጋ፣ ራይድ ጠርተን ክሊኒክ እንዴት እንደደረስን እስካሁን አላውቅም፣ ጭኑ ላይ አድሬናሊን ወግተውት ነው የተረፈው። አስተናጋጁን ክፉ ሰው ነው አልልም። እንግዳ ደስ እንዲለው ብሎ ነው፣ እኛ ጋ እኮ "አላውቅም" ማለት ነውር ነው የሚመስለው። ግን ያ ይሉኝታ ልጄን ሊነጥቀኝ ነበር።

ስለዚህ እዚህ ቤት ያለችውን ልጅ ስጠይቃት "እኔ እርግጠኛ አይደለሁም እህቴ፣ ወጥ የሚሠሩትን ልጥራልሽ" ስትለኝ ልቤ ነው የረጋው። ወጥ የሚሠሩት ራሳቸው የምግብ ቤቷ ባለቤት ናቸው፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡና አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሽሮው ራሳቸው አዘጋጅተው ያስፈጩት ነው፣ ኦቾሎኒ አይነካውም። "ለውዝ (ያው ኦቾሎኒ) ሻይ ግን እንሸጣለን ልጄ፣ ለውዙን የምንፈጨው ጁስ በምንፈጭበት ብሌንደር ነው፣ ስለዚህ ለሱ ጁስ አልሸጥልሽም" አሉኝ። ልጄ አቦካዶ ጁስ አምሮት ስለነበር አኮረፈ፣ እኔ ግን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ዘይቱስ? ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና ቢጫ ጀሪካን አምጥተው አሳዩኝ፣ ሰፈር ካለ መጭመቂያ የሚገዙት የኑግ ዘይት። መጭመቂያው ኦቾሎኒም ይጨምቃል? አላውቅም አሉ። ይሄንን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፣ ፋብሪካ በደንብ ያጣራው ዘይት ውስጥ ፕሮቲን የለም በሚባል ደረጃ ነው ያለው፣ እንዲሁ ተጨምቆ የሚሸጠው ውስጥ ግን ይቀራል፣ አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ፕሮቲኑ ነው፣ ብትቆሉትም ብትጠብሱትም አይጠፋም። እሳቸውም ሱቅ ልከው የታሸገ የሱፍ ዘይት አስገዙና ድስቱንና ጭልፋውን በሳሙና አጥበው ለሱ ብቻ አዲስ ሽሮ ሠሩለት። 25 ደቂቃ ጠበቅን። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፣ በራሱ ትንሽ ትሪ፣ እንጀራውም ለብቻ ተጠቅልሎ።

ይሄ የራሱ ትሪ ነገር ቀላል አይደለም። እኛ አንድ መሶብ ከበን ነው የምንበላው፣ እጅ ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል፣ አክስት ጉርሻ ዘርግታ እምቢ ስትሏት ንቀት ነው የሚመስላት። የባለቤቴ ጓደኛ ሁሌ የሚለኝ "እንዲህ ከሆነ ቤቱ ይብላ፣ ለአንድ ልጅ ተብሎ ሀገር ይቸገር እንዴ?" ነው። እሺ ሠርጉስ? ለቅሶውስ? እኛ ሀገር ከሰው ጋር የማይበላ ልጅ ከሰው አልተቀላቀለም ማለት ነው። እኔ ኦቾሎኒ ከሜኑ ይውጣ ብዬ አላውቅም። አጠገባችን ለውዝ ሻይ የሚጠጡ ልጆች ወሬያችንን ሰምተው "እህት፣ ይሄን እናንሳው?" አሉኝ፣ ኧረ ጠጡ አልኳቸው፣ የሚያሰጋኝ ወደ አፉ የሚገባው እንጂ ሽታው አይደለም። እጅ ላይ የቀረውን ኦቾሎኒ ደግሞ ውሃ ብቻ አያስለቅቀውም፣ ሳኒታይዘርም እንደዛው፣ ሳሙና ነው የሚያስለቅቀው፣ እዚህ ቤት መታጠቢያው ላይ ወፍራም ፈሳሽ ሳሙና ነበር፣ በውሃ የቀጠነ አይደለም።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጅ) ምግብ ቤት 14 ነገሮችን ምግቡ ውስጥ ካሉ የመናገር ግዴታ አለበት፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ፣ ግብጦ ሳይቀር። አስቡት፣ ስንቱ የኛ የጾም ገበታ ላይ አለ! ስልጆ ውስጥ ሰናፍጭ አለ፣ ግብጦ ደግሞ የኦቾሎኒ ዘመድ ስለሆነ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትን ሰውም ሊያስነሳበት ይችላል። እኔ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ወረቀት ቢለጠፍልኝ ይበቃኛል።

ምግቡ? በያይነቱ 280 ብር ነው፣ ለሁለታችን በቅቶን ተርፏል። ምስር ወጡ በርበሬው በደንብ የበሰለ ነው፣ ሱፍ ፍትፍቱን ግን ሳትቀምሱ እንዳትወጡ። እንጀራው ለኔ ትንሽ ኮምጥጦብኛል። መኪና ማቆሚያ የለም።

ስንወጣ የቤቷ ባለቤት ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ። ማክሰኞ ደወሉ፣ መጭመቂያው ድረስ ሄደው ጠይቀዋል፣ ኦቾሎኒውንም በዛው ማሽን ነው የሚጨምቁት። "ለልጁ የታሸገ ዘይት ለብቻ አስቀምጫለሁ፣ ይዘሽው ነይ። ሌላ ብሌንደር ግን ገና አልገዛሁም፣ ጁስ እንዳይጠብቅ ንገሪው" አሉኝ።