ሞሆ ወይስ ድሬስ?

ባህር ዳር ውስጥ ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለውን የጠፈር በረራ ጌም የሚጫወቱ ልጆች ዱና የምትባለውን የጌሙን ፕላኔት ከረገጡ በኋላ፣ ቀጥሎ ወዴት ይኬድ የምትለው ይቺ ክርክር አትቀርም። ሁለቱም የጌሙ ድንጋያማ ፕላኔቶች ናቸው፤ ጨረቃም አየርም የላቸውም፤ ስለዚህ ፓራሹቱን ቤት ተዉት።

በመጠን ሞሆ ይበልጣል፤ ራዲየሱ 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ የድሬስ 138 ብቻ። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሦስት ጣና ቢቀጣጠል ድሬስን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ትንሽ ነው የሚቀረው።

የሞሆ ጣጣ ያለው መሬቱ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። ለፀሐይ ቅርብ በመሆኑ መንኮራኩሩ ወደ ውስጥ በወረደ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ እዚያ ሲደርስ ምህዋር ለመያዝ ብቻ ብዙ ጊዜ ከ2,000 ሜትር በሰከንድ በላይ መቀነስ አለበት። ምህዋሩ ደግሞ በ7 ዲግሪ ያዘነበለና የተለጠጠ ነው፤ ኤክሰንትሪሲቲው (የመለጠጡ መጠን) 0.2። ቀኑን ሳያሰላ የሄደ ሰው ነዳጁ አልቆ ፕላኔቷን በመስኮት እያየ ያልፋታል።

ድሬስ በ5 ዲግሪ ነው የሚያዘነብለው። ስበቱ 1.13 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፤ የሞሆ 2.7። ከምህዋር ወርዶ ለማረፍ ሞሆ ከሚጠይቀው ግማሹ ይበቃዋል። ግን ሩቅ ነው፤ ጉዞው ከሚጀመርባት ፕላኔት ከከርቢን ይልቅ ፀሐይ እዚያ በዘጠኝ እጥፍ ስለምትደክም ሶላር ፓኔል ጨመር አድርጉ።

ለጀማሪ እኔ ድሬስን ነው የምለው። አሰልቺ ነው የሚሉት ትልቁን ገደሉን ያላዩ ናቸው። ሞሆም ቢሆን ሰሜን ዋልታው ላይ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ነዳጅ ለተረፈው ያስመኛል።