ለደብረ ብርሃኑ ባቲላሜራ ምስጋና፣ አሮጌ ካራቫን ለምታድሱ ደግሞ ጥቆማ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ባለሙያ ነው። ደብረ ብርሃን፣ በጠባሴ በኩል ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ባቲላሜራ፣ ማለትም የተጎዳ የመኪና ገላ የሚያቃኑ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ቤታችንም የሚጠሩት እንዲሁ ነው። እኔና ባለቤቴ አንድ አሮጌ ካራቫን በራሳችን እጅ ስናድስ ከጎናችን ያልተለዩት እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊት አመስግነናቸዋል። ግን እንዲህ ያለ ሰው በጓዳ ብቻ ተመስግኖ መቅረት የለበትም።

ካራቫን ለማያውቅ፦ በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ማብሰያ ያለው ቤት ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ቆሞ፣ ቢሮ ወይም የመሐንዲስ ማደሪያ ሆኖ ነው። የእኛም ከእንዲህ ያለ ካምፕ የተረፈ ነው። በጨረታ ሲሸጥ ገዛነው። ገላው በሙሉ አሉሚኒየም ነው። ላሜራው በሪቬት (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጫፉ በሚደፈጠጥ ሚስማር) የተያያዘ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ክብ ያለ፣ የድሮ የአሜሪካ ሥራ። በ1959 እ.ኤ.አ. ከኬፕታውን ተነስተው ካይሮ ድረስ የዘለቁት፣ ኤርስትሪም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራቸው ካራቫኖች በእኛም አገር አልፈዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን ተቀብለዋቸው ነበር። ያን ታሪክ ካነበብኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት አስጎትቼ ሰሜን ሸዋን የመዞር ምኞት ነበረኝ።

ካራቫኑ ግቢያችን ሲገባ ከውጭ ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። መጀመሪያ ያሳየነው ሌላ ጋራዥ "ስቱኮ ደፍተን፣ ቀለም ቀብተን አዲስ እናደርገዋለን" አለን። የጠራው ዋጋ ካራቫኑን ከገዛንበት ብዙም አያንስም። ወለሉን እንኳ አልነካም። በዚህ መሃል ነው አንድ ጎረቤታችን "እስቲ ለጋሼ አሳዩአቸው" ያለን።

ጋሼ ሲመጡ ውጪውን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። በቀጥታ ገብተው ተንበረከኩ። ካቻቢቴ ይዘው ወለሉን ግድግዳውን ተከትለው ወጋ ወጋ ያደርጋሉ። መሃል ላይ ካቻቢቴው ይነጥራል። ፊት ለፊቱ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ እስከ እጀታው ስምጥ አለ። ቀና ብለው "ልጄ፣ ቀለሙን ለጊዜው እርሺው። ውሃው በየት እንደሚገባ ሳናውቅ አንድ ብር አታወጪም" አሉኝ። እኔ እሳቸውን ያመንኩት ያኔ ነው። ገንዘብ ለመቀበል የመጣ ሰው "አታውጪ" ብሎ አይጀምርም።

ቀጥሎ ያደረጉት ነው ለዚህ ጽሁፍ ምክንያት የሆነኝ። ሥራውን ከፋፈሉት። "ይኼ የእናንተ ነው፤ ይኼ የኔ ነው፤ ይኼ ደግሞ የፍሬን ባለሙያ ነው" አሉን። መፍታቱን፣ የድሮውን ማሸጊያ መፋቁን፣ ወለል መቀየሩን፣ ማሸጉን ለእኛ ሰጡን። ሻንሲ ብየዳና የላሜራ ሥራ የእሳቸው ሆነ። ሁሉንም ጠቅልለው ቢወስዱ እኛም እሺ እንል ነበር፤ እሳቸውም የበለጠ ያገኙ ነበር። እሳቸው ግን "በእጃችሁ መሥራት አማረን ብላችኋል፣ ሥሩ" አሉን። ስንጀምር የነገሩን ሁሉ ዛሬም እጄ ላይ አለ። ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ላሜራና ፓኔል ቁጥር ጻፉበት። የአንዱን ቡሎን ከሌላው አትቀላቅሉ። ጣሪያ ሲነሳ ግድግዳው እንዳይላላ ከውስጥ በጣውላ ወጥሩት።

ውሃ የሚገባበትን ያገኙበት ዘዴ ለማንም የሚጠቅም ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ። መስኮቶቹንና የአየር ማስወጫዎቹን በሙሉ በፕላስተር አሸግን። ጋሼ ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእሳት ማራገቢያ ተውሰው መጡ። በሩ ላይ ካርቶን ገጥመን በካርቶኑ ቀዳዳ አየር ወደ ውስጥ ነፋን። ከውጭ ደግሞ ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ በስፖንጅ እያንጠባጠብን መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አረጠብን። አየሩ የሚያመልጥበት ቦታ ሁሉ አረፋ ማፍላት ጀመረ። አረፋው የወጣው ወለሉ የበሰበሰበት ማዕዘን ላይ አልነበረም። ጣሪያው መሃል ያለው የአየር ማስወጫ ዙሪያና አንድ የኋላ መብራት ሥር ነው። ውሃው ጣሪያ ላይ ገብቶ፣ የውስጡን የአሉሚኒየም ቋሚ ተከትሎ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ወለል ላይ ነበር የሚያርፈው። ማዕዘኑ ላይ ብቻ ወለል ቀይረን ብንዘጋው ኖሮ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው እንመለስ ነበር። ልጆቼ አረፋ በታየ ቁጥር በማርከር ክብ ሲያደርጉ ዋሉ።

ማሸጊያ ላይም ጥብቅ ናቸው። ሲልከን አሉሚኒየም ላይ አያስቀቡም። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ሲልከን ጊዜ ሲያልፍ ከአሉሚኒየሙ ይለቃል፤ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ቅሪቱ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይይዝም፣ ቀለምም አይይዝም። ላሜራ ከላሜራ በሚደረብበት ቦታ ሳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ የሚቀረውን ጥቁር የቡቲል ጥብጣብ አስደረጉን። ደብረ ብርሃን ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። አሉሚኒየም በዚህ መሃል ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ነው የሚኖረው። ድርቅ የሚል ማሸጊያ ይሰነጠቃል።

የላሜራ ሥራቸውን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። የኋላው አንድ ክብ ማዕዘን ተጨርምቶ፣ ተቀዶም ነበር። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ጋሼ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቅጠል አመጡና ተራ የልብስ ሳሙና ገጹ ላይ አሹበት። ከዚያ ሳሙናው ከላይ እንዳለ ከሥር በቀስታ በጋዝ እሳት ማሞቅ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሳሙናው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። ሲጠቁር እሳቱን አነሱ። "ብረት ሲግል ቀልቶ ያስጠነቅቅሻል። አሉሚኒየም ግን አይቀላም፣ ድንገት ይፈሳል። ሳሙናው ነው የሚነግርሽ" አሉኝ። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሳሙናው የሚጠቁረው ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ አሉሚኒየሙ ለመታጠፍ የሚለሰልስበት ላይ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ አሸዋ በሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አድርገው በእንጨት መዶሻ ዞር እያደረጉ መቱት። ሲመታ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር እንደገና ሳሙና፣ እንደገና እሳት። ማታ ላይ ያ ጠፍጣፋ ቅጠል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ገጠመ። እጃችሁን ብታሳልፉበት የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ አትለዩም። በዚያ ማዕዘን ላይ አንዲት ማንኪያ ስቱኮ የለም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የአሉሚኒየምና የብረት ጠብ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ተነካክተው እርጥበት ካገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። የእኛ ካራቫን ገላ ሻንሲው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ነጭ ዱቄት ሆኖ ነበር። ጋሼ ሻንሲውን ከበየዱና ጸረ ዝገት ከቀቡ በኋላ ሁለቱ በሚገናኙበት ሁሉ የጎማ ንጣፍ አስገቡ። የአሉሚኒየም ላሜራ በአሉሚኒየም ሪቬት እንጂ በብረት እንዳይመታም አስጠነቀቁን። ሪቬቱን እኛው መታን። ትራፓኖ የያዘችው ደግሞ ጋሼ ጋራዥ የምትለማመድ አንዲት ወጣት ናት። ትዕግሥቷ የሚገርም ነው። እሷንም አመሰግናለሁ።

ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ሙቀት መጠበቂያ ላይ ሐሳቡን ያመጣችው እናቴ ናት፤ ያጸደቁት ጋሼ። እናቴ የመሐል ሜዳ ሰው ናት። በርኖስና ዝተት የሚሠራበት የመንዝ በግ ጸጉር እያለ ምን ፎም ፍለጋ ትሄዳላችሁ አለችን። ጋሼ አሰብ አደረጉና "ልክ ነች፣ ግን ብል እንዳይበላው" አሉ። ጸጉሩን በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥበን፣ ነሐስ በያጆች የሚጠቀሙበትን ቦራክስ በውሃ አሟሙተን ነከርነው። ቦራክስ ብልን ያርቃል። ፀሐይ ላይ ካደረቅን በኋላ እየፈለፈልን፣ ሳንጠቀጥቅ በቋሚዎቹ መሃል ሞላነው። ሙቀት የሚይዘው በጸጉሩ መሃል ያለው አየር ስለሆነ መጠቅጠቅ ያበላሸዋል። የበግ ጸጉር ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ እርጥበት ይዞ ርጥብ ሳይመስል መቆየት ይችላል። ለካራቫን ይኼ ትልቅ ነገር ነው። በብርድ አገር ተኝታችሁ ስታድሩ ትንፋሻችሁ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ይሆናልና።

ስለ ትንፋሽ ካነሳሁ አይቀር፣ ጋሼ ያለ ሁለት ክፍት ቦታ አልዘጋም አሉ። አንዱ ከታች ወለሉ አጠገብ፣ አንዱ ከላይ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወደ ታች ነው የሚተኛው። የታችኛው ለዚያ ነው። ከሰል ግን በፍጹም። "ብርዱ ምንም ቢጠና፣ የተቀጣጠለ ከሰል እዚህ ውስጥ ገብቶ እንዳልሰማ" ብለው ልጆቹን ሳይቀር አስማሉ። በከሰል ጭስ ተኝቶ የቀረ ሰው ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ ያሳዩት ቁጣ የአባት ቁጣ ነው።

ኤሌክትሪኩን ሌላ ባለሙያ ሠራው። የድሮው መስመር ለ110 ቮልት የተሠራ ስለነበር ለእኛ 220 ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ኩሽኔታውና ባሌስትራውም ተፈትሾ ግሪስ በላ።

ፍሬኑን ጋሼ አልነኩም። ሙያዬ አይደለም አሉ፤ የሚያምኑበት ሰው ዘንድ ላኩን። የሰሜን ሸዋን መንገድ የሚያውቅ ለምን እንደጠነቀቁ ይገባዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ተነስታችሁ፣ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት መውረድ አለ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው መኪናውን ገፍቶት ነው የሚወርደው። ክብደት ላይም እንዲሁ። ጋንቾው (ካራቫኑ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) ላይ የሚያርፈው ጭነት ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን አደረጉን። ለምሳሌ 1,200 ኪሎ ከሆነ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ማለት ነው። ካነሰ ካራቫኑ ጭራውን እያወዛወዘ መኪናውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በምን መዘኑት? ከእህል ነጋዴ በተዋሱት ሚዛን። የውሃ ጋኑን ትንሽ ወደ ፊት አዛወርንና ልክ መጣ።

ከመስቀል በኋላ ጓሳ ሄደን አደርንበት። ከጣርማበር ወደ መዘዞ ታጥፎ ያለው መንገድ ነው። ሌሊቱን ዝናብም ውርጭም ተፈራረቁበት። ጠዋት ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሼ ነው።

እንግዲህ ለምትፈልጓቸው። አሮጌ ካራቫን፣ የተጎዳ የመኪና ገላ፣ የአሉሚኒየም የጭነት ሳጥን ያላችሁ ይጠቅሟችኋል። ቀለም አይቀቡም። ችኩል ሰው አይስማማቸውም፤ የዓመት በዓል ሰሞን ደግሞ ሥራ ይደራረብባቸዋል። ዋጋ የሚነግሩት ካዩ በኋላ ነው፣ በየሥራው ለይተው። ከነገሩት አንድም ጊዜ አልጨመሩብንም። የተረፈውን ላሜራና ሪቬት ሳይቀር ቆጥረው መልሰውልናል። ከመሄዳችሁ በፊት የታችኛውን ሻንሲና የወለሉን ጠርዞች በደንብ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። የተሳቢ ታርጋና ምርመራ ጉዳይ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ስልካቸውን እሳቸውን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎት፦ እግዜር ይስጥልን፣ እጅዎን ይባርክልን። የመስኮቱን ጎማ ለመቀየር ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን።