ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር በድሬዳዋ ሙቀት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ድሬዳዋ ላይ የዚህ የግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል) ትልቁ ፈተና ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ 6 ጊጋባይት ሜሞሪና 125 ዋት የኃይል ገደብ ይዞ፣ ጂቲኤ 5ንም ሆነ ፎርትናይትን በ1080ፒ (1920 በ1080 የምስል ጥራት) ዛሬም በደንብ ያጫውታል። ከኅዳር እስከ ጥር ምንም መንካት አያስፈልግም። ግንቦትና ሰኔ ሲገቡ ግን ያው ካርድ በያው ሴቲንግ መቆራረጥ ይጀምራል። ፋኑ የሚስበው የክፍሉን አየር ስለሆነ ክፍሉ 10 ዲግሪ ሲጨምር ካርዱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስም ራሱን ለመጠበቅ ክሎኩን (የሥራ ፍጥነቱን) ያወርዳል።

ሴቲንግ ከመነካካት በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት ይገባል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጭናችሁ የካርዱን ሙቀት፣ ክሎክ፣ አጠቃቀምና ሜሞሪ ጌሙ ላይ እንዲያሳይ አድርጉ። አጠቃቀሙ 99 ከመቶ ሆኖ ክሎኩ እየወረደ ከሄደና ሙቀቱም 83 ከነካ፣ ጥፋቱ የሙቀት ነው። የፍሬም ገደብ ሳይኖር 60 ወይም 70 ከመቶ ላይ ከቆመ ካርዱ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው፤ ጥራት መቀነስ ብዙም አይረዳም፣ አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ግን ሁለተኛ መጨመር ለውጥ ያመጣል። ሜሞሪው ወደ 6 ጊጋባይት ተጠግቶ ጌሙ ድንገት ድንገት የሚቆም ከሆነ ቴክስቸርን (የነገሮችን ገጽታ ዝርዝር) ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።

ለሙቀቱ ከሁሉም በላይ የሠራው ቮልቴጅ መቀነስ ነው። አፍተርበርነር ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ሲጫኑ ከርቩ (በየቮልቴጁ ክሎኩ ስንት እንደሚሆን የሚያሳየው መስመር) ይከፈታል። የ900 ሚሊቮልቱን ነጥብ 1800 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉ፣ ከሱ በስተቀኝ ያሉትን ሁሉ ከዚያ በታች አውርዱና አጽድቁ። ጌሙ ራሱን ከዘጋ 25 ሚሊቮልት ጨምሩ። ጥቂት ቀን በሰላም ሳይሠራ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሳ አታድርጉት። ከዚያ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል የፍሬም ገደቡን በስክሪናችሁ ልክ፣ 60 ወይም 75 ላይ፣ አስሩ። ስክሪኑ ከማያሳየው ፍሬም የሚገኘው ትርፍ ሙቀት ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለቱ ብቻ በሰኔ 83 ይነካ የነበረው ሙቀት 74 አካባቢ ረግቷል፣ የፋኑም ጩኸት ቀንሷል።

አቧራው ሌላ ጉዳይ ነው። ኬዙን በየወሩ ከፍቶ መንፋት ያስፈልጋል፤ ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በንፋስ ኃይል ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ይጎዳል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጠው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው።

ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ አስልቶ ምስል የሚሠራ ዘዴ) የግድ የሚሉ አዳዲስ ጌሞችን ለሚፈልግ ሰው ይህን ካርድ አልመክርም፤ በዝቅተኛ ጥራት የተሠራን ምስል አሳድጎ ፍሬም የሚጨምረው የኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስም የለውም፣ ተመሳሳዩ የኤኤምዲ ኤፍኤስአር ግን ይሠራል። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ የሚገዛ፣ ቀትር ላይ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ያስጫውት፤ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጥብ ወይም መስመር ብቅ ካለ ሜሞሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በቅናሽም ቢሆን አይውሰድ።